ደረቅ መዳፍ

ጦጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከፍታ ላይ ቀለም ሲቀባ አንድ ቀን አልወደቀም። የወደቀው ቤቱ ውስጥ ነው። ከወንበር ላይ። አምፖል ሲቀይር።

ወንበሩን ይዘውለት የነበሩት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ናቸው። ስልካቸው ጮኸ፤ ሊያነሱ ሄዱ። የወንበሩ አንድ እግር አጭር መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ መያዝ ያስፈለገውም ለዚሁ ነበር። ግራ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አማቱ ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ እስከ ዛሬ መልሳቸው አንድ ነው። «እኔ እኮ ይዤ ነበር።»

ጦጣ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ቀጭን ነው፤ እጁ ረጅም ነው፤ ሌላው ደረጃውን ሲፈልግ እሱ የመወጣጫውን ብረት በጎን ይዞ ሽቅብ ይሄዳል። አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋና አልጋቸው አንድ ክፍል ይጋራሉ። አማቱ የሚተኙት በሚቀጥለው ክፍል ነው፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ግን በሁለቱም ክፍል ይኖራሉ ማለት ይቻላል።

ክንዱ በሦስት ወር ዳነ። ሥራ በተመለሰበት ዕለት ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ጉልበቶቹ ተቆለፉ። ብረቱን አቅፎ ቀረ። ሁለት ሰዎች ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቀው አወረዱት።

«ከወንበር ወድቆ ፎቅ ይፈራል እንዴ?» አለ አንዱ ቀቢ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለ ሌላው።

«እባብ መች አየ? እሱ ያየው ልጡን ነው!»

ሳቁ። እሱም ሳቀ። መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መሬት ላይ ሆኖ መሳቅ ይቻላል።

የቀቢዎቹ ፎርማን ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ፊት ለፊት ጋሼ ይሏቸዋል፤ ከጀርባቸው ጋሽ መዳፍ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መወጣጫው ሥር ይቆማሉ፣ ሠራተኛው ይሰለፋል፣ እያንዳንዱን ይጨብጡታል። ሰላምታ ይመስላል፤ ሰላምታ አይደለም። መዳፉን ትንሽ ያላበው ይወጣል። መዳፉ የደረቀ ያን ቀን ታች ቀለም ሲያማስል ይውላል። በወጣትነታቸው አብሯቸው የሚሠራ ጓደኛ ነበራቸው፤ እጁ ሁልጊዜ ደረቅ፣ ጉራው ሁልጊዜ ትኩስ። ከአራተኛ ፎቅ ወረደ፤ በደረጃ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አባባል ገልብጠው ነው የሚናገሩት። «የፈራ ይውጣ፤ ያልፈራ ይመለስ።»

በእሳቸው ሥር ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልሞተም። ኩባንያው ለዚህ የሚያመሰግነው የደህንነት ቀበቶዎቹን ነው።

በዚያ ዓመት ኩባንያው አዲስ ዕቃ ገዛ። የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር። ፊት ላይ ይታሰራል፣ ዓይንን ግጥም አድርጎ ይሸፍናል፣ ያለህበትን ክፍል አጥፍቶ ሌላ ዓለም ያሳይሃል። የግንባታው ኃላፊ የሆነው ኢንጂነር ጦጣን ቢሮው ጠራው።

«አሥራ ሁለት ሳምንት ትሠለጥናለህ። ፍርሃቱ ይጠፋል። ሰርተፊኬት ታመጣለህ።»

«ባይጠፋስ?»

«መጋዘን ሰው ይፈልጋሉ።»

ጦጣ መጋዘኑን ያውቀዋል። መስኮት የለውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከተማውን ከላይ ያየ ሰው እዚያ ገብቶ ባልዲ ሲደረድር ሊያረጅ ነው። ለሥልጠናው ፈረመ።

ሥልጠናው የሚሰጠው ምድር ቤት፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ባዶ ክፍል ውስጥ ነበር። አሠልጣኟ የሥነ ልቦና ምሩቅ ናት፤ ወጣት፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ እጅዋ ላይ ታብሌት። መነጽሩን አሰረችለት። ክፍሉ ጠፋ። ጦጣ ሰባት ፎቅ ጫፍ ላይ፣ አንድ ጠባብ ጣውላ ላይ ቆሞ ራሱን አገኘው። ነፋሱ ሳይቀር ይሰማል።

«ምን ይታይዎታል?»

«ጣውላ።»

«ከሥሩስ?»

«ምንም።»

«አሁን ምን እየተሰማዎት ነው?»

«ቁርሴ።»

በመጀመሪያው ቀን ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ በአራት እግሩ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ቆመ። በአምስተኛው ሳምንት ወደቀ። ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ምንም አልሆነም። ሲገልጠው አረንጓዴ ሜዳ ላይ ቆሟል፤ የሴት ድምፅ «ጥሩ ሙከራ ነው፤ እንደገና እንሞክር» ይለዋል። ከሰባተኛ ፎቅ መውደቅ ከወንበር ከመውደቅ ይለሰልሳል። ይህን ካወቀ በኋላ መውደቅ ለመደ። ቆይቶም ወደደው።

መነጽሩ ውስጥ ሥራም ነበር። ግድግዳ ይቀባል። እዚያ ዓለም ባልዲ መስቀያ አያስፈልገውም፤ አየር ላይ ለቀቅ ካደረጉት በተለቀቀበት ይቆያል፣ ዞር ብለው ሲመለሱ እዚያው ይጠብቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባልዲ ሲሰቅልና ሲያወርድ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሥልጠናው የሚያበቃው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ለመውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሰባቱን ፎቅ በደረጃ መውረድ ነው፤ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሌላው መዝለል ነው። ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ ጦጣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ይዘላል። አሠልጣኟ ታብሌቷ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች። «ተሳታፊው ከፍታን በሙሉ በራስ መተማመን ይጋፈጣል።»

የመጀመሪያው ብርጭቆ የተሰበረው በዘጠነኛው ሳምንት ነው። ጦጣ ሻዩን ጠጣ፣ ብርጭቆውን ከጎኑ አየር ላይ አስቀመጠና ወሬውን ቀጠለ። ብርጭቆው አልጠበቀውም።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ።

«አስቀመጥኩት እኮ።»

«ምን ላይ?»

ጦጣ አየሩን አየ። በሳምንቱ ሁለተኛውን፣ ከዚያም የአማቱን የመድኃኒት ጠርሙስ አየር ላይ አስቀመጠ።

«ያ ፊትህ ላይ የምትደፋው ድስት አእምሮህን ቀቅሎታል፣ አንተ ልጅ» አሉ አማቱ።

«እማማ፣ ሕክምና ነው።»

«በሽታው ይሻል ነበር።»

ደረጃ ሲወርድ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን መዝለል ጀመረ። አስፋልት ሲሻገር መኪና አያይም፤ ያያል እንጂ አይቆጥረውም። አንድ የታክሲ ሹፌር ፍሬኑን አስጩሆ ከጉልበቱ ሥር ቆመና ራሱን በመስኮት አወጣ።

«አንተ ሰውዬ! ትርፍ ነፍስ አለህ?»

ጦጣ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ሹፌሩ ስድቡን ጨረሰ፤ እንዲህ ያለ ሰው መስደብ ትርፍ እንደሌለው ገብቶት ሄደ።

ሚስቱ አሠልጣኟ ጋ ደወለች።

«ውጤታቸው ከሁሉም የላቀ ነው» አለቻት አሠልጣኟ። «ልባቸው ጣውላው ላይ በደቂቃ ስድሳ ነው የሚመታው። የተኛ ሰው ልብ ማለት ነው።»

«እኔም የምለው እሱን ነው፣ የኔ እህት። ተኝቶ ነው የሚሄደው።»

«ትንሽ መደናገር ይኖራል፤ በራሱ ይጠፋል።»

«ብርጭቆዎቼም በራሳቸው እየጠፉ ነው።»

ሰርተፊኬቱ መጣ። ወፍራም ወረቀት፣ ወርቃማ ጠርዝ። «ከከፍታ ፍርሃት ሙሉ በሙሉ ነጻ» ይላል። ሰኞ ጠዋት ጦጣ ሰርተፊኬቱን በግራ እጁ ይዞ ተሰለፈ። ሕንፃው ሰባት ፎቅ ነው፤ መስታወት የበዛበት የቢሮ ሕንፃ። የኢንጂነሩ መኪና እንደ ሁልጊዜው መወጣጫው ሥር፣ «እዚህ አይቆምም» የሚለው ገመድ ውስጥ ቆሟል። ፎርማኑ ስለ ገመዱ ሦስት ጊዜ ነግረውታል። ኢንጂነሩ ጥላ ይፈልጋል።

ፎርማኑ ወረቀቱን አላዩም። ቀኝ እጁን ጨበጡ። ቆይተው ለቀቁት።

«እንደ ዱቄት ደርቋል።»

«ድኛለሁ፣ ጋሼ።»

«አያለሁ። ታች ቀለም አማስል።»

ኢንጂነሩ ተጠራ። ሰርተፊኬቱን አነበበ፤ ጮክ ብሎ፣ ለሁሉም እንዲሰማ።

«ጋሼ፣ ሰውየው ሠልጥኖ ተመርቆ መጥቷል። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

«ላብ።»

«ይህ ሳይንስ ነው እኮ!»

«ይሁና። ሳይንሱ ይውጣና ይቀባ። እሱ በዚህ እጅ አይወጣም።»

ኢንጂነሩ ሳቀ፤ ግን አልገፋበትም። ፎርማኑ ቢቀየሙ ሥራው እንደሚቆም ያውቃል። ከመሄዱ በፊት ጦጣን ጠጋ ብሎ «እስከ ዓርብ ካልወጣህ ቦታህ መጋዘን ነው» አለው።

ስለዚህ ፍርሃቱን ለማጥፋት አሥራ ሁለት ሳምንት የደከመው ሰው ፍርሃት ፍለጋ ጀመረ። ማክሰኞ ጠዋት ከመሰለፉ በፊት ቧንቧ ሥር መዳፉን አረጠበ። ፎርማኑ ጨበጡትና አዘኑለት።

«ላብ ይሞቃል፣ ልጄ። ውሃ ይቀዘቅዛል።»

ረቡዕ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ይዞ መጣ። ፎርማኑ መዳፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። «ሻይ» አሉ። ጠርሙሱ የሻይ ነበር።

ሐሙስ ማታ ሚስቱ ከአንድ ደንበኛ የክረምት ካፖርት በተረፈ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ጓንት ሰፋችለት። እየሰፋች አንገቷን አታነሳም።

«የምሰፋልህ መጋዘኑን ስለምትጠላው ነው» አለች። «ላይ ስትሆን ግን ስለ ብርጭቆዎቹ አስብ። ሌላ አልልህም።»

ዓርብ ጠዋት ጓንቱን ከቤት ጀምሮ አድርጎ፣ ሰልፉ ላይ ተራው ሊደርስ ሲል አወለቀው። መዳፉ የሞቀ፣ የራሰ፣ እውነተኛ ላብ ነበር። የፍርሃት ሳይሆን የሱፍ። ፎርማኑ ጨበጡት፤ ፊቱን አዩ፤ እንደገና መዳፉን ጨበጡት። ሃያ ስድስት ዓመት ያመኑት ነገር እጃቸው ውስጥ ነው። አሳለፉት።

ጦጣ ወጣ። አምስተኛው ፎቅ ላይ ቀበቶውን ብረቱ ላይ ቆለፈ፣ ባልዲውን መስቀያው ላይ ሰቀለ፣ መቀባት ጀመረ። ጥሩ ቀባ። ከተማው ከታች ነበር፤ ቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ የታጠበ ልብስ፣ የታክሲ ሰልፍ። ቆንጆ ነው። የተሣለ ይመስላል። ብዙ ልቡን ያልነካውም ለዚሁ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ። ሌሎቹ ቀበቶአቸውን እየፈቱ ወደ ደረጃው ሄዱ። ደረጃው ከእሱ በስተቀኝ፣ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ በሌላው ጫፍ ነበር። ጦጣም ቀበቶውን ፈታ። ባልዲውን ከመስቀያው አወረደ፤ ለምሳ ሲወረድ ቀለሙ ተከድኖ አብሮ መውረድ አለበት። ብሩሹን ማጽጃ ጨርቅ ከኪሱ ለማውጣት አንድ እጅ ፈለገ። ባልዲውን ከጎኑ አየር ላይ አስቀመጠው። ብሩሹን ጠረገ፣ ጨርቁን ኪሱ ከተተ፣ ወደ ጫፉ ዞረና ቀኝ እግሩን ለምሳ አነሣ።

ከታች ድምፅ መጣ። ቆርቆሮ ሲፈነዳ፣ መስታወት ሲረግፍ፣ ከዚያ የመኪና ጥሩንባ ሳያቋርጥ ሲጮኽ።

ጦጣ እግሩን አየር ላይ እንዳነሣ ወደ ታች ተመለከተ። ባልዲው የኢንጂነሩ መኪና ላይ ነበር። ይልቁንም ውስጥ። ነጩ ቀለም ጣሪያው ላይ ፈሶ በመስኮቶቹ እየወረደ፣ መሬት ደርሶ ይሰፋ ነበር። ሜዳ የለም። አረንጓዴ ነገር የለም። «ጥሩ ሙከራ ነው» የሚል ድምፅ ጠበቀ። ማንም አላለም።

እግሩን መለሰ። ቀስ ብሎ። ከዚያ ጉልበቱ ተቆለፈ፤ ብረቱን አቀፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ፎርማኑ አምስቱን ፎቅ ራሳቸው ወጡ። እስኪደርሱ ጊዜ ወሰደባቸው። የጦጣን ቀበቶ አንሥተው ብረቱ ላይ ቆለፉት። የራሳቸውንም ቆለፉ። አጠገቡ ተቀመጡና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

«ሥር ሰው አልነበረም» አሉ። «መኪናው ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ ልዘል ነበር።»

«ምን ሆነህ?»

«ለምሳ።»

ፎርማኑ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ እሱ አዩ።

«ምሳህ ምንድን ነው?»

«ድንች።»

«ለድንች!» አሉ ፎርማኑ። ብዙ ነገር አይተዋል፤ ይህን አላዩም። «ሥጋ ቢሆን እንኳ እሺ።»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ጦጣ ቀኝ እጁን ከብረቱ ለማላቀቅ ሁለት ጊዜ ሞከረ። ፎርማኑ ሲጨብጡት ላቡ በጣቶቻቸው መሀል ወረደ። ሞቃት ነው። የሱፍ አይደለም።

«ጠዋት አታልለኸኛል» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አሁን አላታለልከኝም። ሰኞ ሁለት ሰዓት ና። ከሁለተኛ ፎቅ እንጀምራለን።»

ለመውረድ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። ጦጣ እያንዳንዱን የደረጃ ብረት ከመርገጡ በፊት በእግሩ ጫፍ ነካ ያደርግ ነበር።

ኢንጂነሩ ሪፖርት ጻፈ። መኪናው ገመዱ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ሪፖርቱ አይልም። የሚለው ይህ ነው፦ ሠራተኛው ከሥልጠና በኋላ የከፍታ ፍርሃት አገርሽቶበታል፤ ሰርተፊኬቱ ተሰርዟል፤ ሥልጠናውን እንደገና ይውሰድ፤ እስከዚያ ድረስ ከመሬት እንዳይነሳ። ፎርማኑ ትእዛዙን ተቀበሉ። በየቀኑ ቅጹ ላይ «ጦጣ፦ ታች» ብለው ይጽፉና ሁለተኛ ፎቅ ያወጡታል፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ። ጠዋት ጠዋት መዳፉ እንደ ረጠበ ፎጣ ነው። እሱን ሲጨብጡ ሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ፤ ደስ ይላቸዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሥልጠናውን ወሰደ። አሠልጣኟ መነጽሩን ታስርለታለች፤ ገና ስታስር ጀምሮ ጦጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ወንበር እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ለክንዱ ሲባል ተፈቀደለት።

«ምን ይታይዎታል?»

«ጣውላ።»

«ከሥሩስ?»

«ምንም።»

ይህ ውሸት አይደለም። ምንም አይታየውም ነበር። አንዳንዴ ያንቀላፋል። አሠልጣኟ የልቡን ምት አይታ ትደነቃለች። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሁለተኛው ሰርተፊኬት መጣ፤ በዚህኛው ላይ «በከፍተኛ ማዕረግ» የሚል ተጨምሮበታል። ኢንጂነሩ ጨበጠውና እጁን አየ፤ ከዚያ በመሐረብ ጠረገው።

ቤት ውስጥ አሁን ብርጭቆ ሲያስቀምጥ መጀመሪያ በግራ እጁ ጠረጴዛውን ይነካል። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ሳታየው፣ «አለ፣ አለ፣ አስቀምጠው» ትለዋለች። እሱ ግን አንዴ ሳይነካ አያምናትም። ደረጃውን አንድ በአንድ ይወርዳል። ያ የታክሲ ሹፌር አንድ ጠዋት አስፋልት ዳር ቆሞ አየውና መኪናውን አቁሞ እለፍ አለው። ጦጣ አላለፈም። ታክሲው እስኪሄድ ጠበቀ።

የአማቱ ክፍል አምፖል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተቀየረም ነበር። ከልጃቸው ክፍል በበሩ በኩል በሚገባው መብራት ነበር የሚኖሩት። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አማቱ ሁለቱን ሰርተፊኬቶች ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረዱ። አራት አራት አጠፏቸው። ወረቀታቸው ወፍራም ነው። በአጭሩ የወንበር እግር ሥር አደረጓቸው፤ ወንበሩን ገፋ ገፋ አድርገው ሞከሩት። አይነቃነቅም።

«ይኸው» አሉ። «መማር ከንቱ አይቀርም። ውጣ።»

ጦጣ ወንበሩን በእጁ ነካ። አምፖሉን ይዞ አንድ እግሩን አሳረፈ፤ ሁለተኛውን ለማሳረፍ ጊዜ ወሰደበት። መዳፉ አምፖሉን እያንሸራተተው ነው።

«እማማ፣ ይያዙልኝ።»

«ምን ያስፈልጋል? ተስተካክሏል እኮ።»

«ይያዙልኝ።»

ያዙለት። አሮጌውን አምፖል ፈትቶ አዲሱን ሊያስገባ እጁን ሲዘረጋ፣ በሚቀጥለው ክፍል ስልካቸው ጮኸ። ጦጣ ደርቆ ቆመ። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ። አማቱ ወደ በሩ አዩ፤ ከዚያ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ይበልጥ አጥብቀው ያዙት።

«ይጩህ» አሉ። «አንተ ሥራህን ሥራ።»